የተፈጥሮ ጋዝ ኩባንያ የማን ነው? ማንስ ያዝዝበታል? ከጎንደር የሚነሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

መስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ከተመረቀ ወዲህ ስለ ጋዝ ኩባንያ የሚጠይቀው ሰው በዝቷል። ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከእድር ድንኳን እስከ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ድርሻ ብገዛ የምን ባለቤት እሆናለሁ? ውሳኔውስ በማን እጅ ነው? መልሶቹን ስታነቡ አንድ ነገር ያዙ፤ ድርሻ መያዝና ማዘዝ ለየቅል ናቸው። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ የሚባለው በሲሊንደር ከምንገዛው ጋዝ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ሲሆን በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ይሆናል። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን ነው፤ ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ መጠኑ ወደ 600 እጥፍ ያንሳል። ቡታ ጋዝ ሲያፈተልክ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሜቴን ግን ወደ ላይ ይወጣል። ለባለቤትነት ጉዳይ ዋናው ልዩነት የመሣሪያው ዋጋ ነው። ሲሊንደር ሞልቶ የሚያከፋፍል ድርጅት በመጋዘንና በመኪና ይሠራል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ማጣሪያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ቧንቧና ልዩ ታንከር ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ ብቻውን የሚሸከም ባለቤት ስለማይገኝ ሽርክናው ይበዛል፣ ሽርክና ሲበዛም አስተዳደሩ ይወሳሰባል።

ጋዙ የማን ነው? ኩባንያው ከሆነ ያወጣው የእሱ አይደለም?

የአንገረብን ውሃ አስቡት። ግድቡ ውስጥ ያለው ውሃ፣ ወደ ከተማ የሚያመጣው ቧንቧ፣ ቧንቧውን የሚያንቀሳቅሰው መሥሪያ ቤትና ቤታችሁ በር ላይ ያለው ቆጣሪ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጋዝም እንዲሁ ነው። መሬት ውስጥ ያለው ጋዝ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ኩባንያው የሚያገኘው በውል የተወሰነ የማልማት መብትና ከምርቱ የሚደርሰውን ድርሻ ነው። ማጣሪያው ወይም ቧንቧው የሌላ ኩባንያ ሊሆን ይችላል፤ የሚያንቀሳቅሰውም ሌላ ሦስተኛ ወገን።

ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይምሰላችሁ። ካሉብ ላይ ጋዝ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ፖሊ ጂሲኤል የተባለ የቻይና ኩባንያ የልማት ስምምነት ፈረመ፤ እስከ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ቧንቧም ታቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የማዕድን ሚኒስቴር ስምምነቱን አቋረጠ። በእንዲህ ዓይነት ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ውሉ ሲቋረጥ ድርሻው እጁ ላይ ይቀራል፤ ለድርሻው ዋጋ የሚሰጠው መብት ግን ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት በመቶ ይደርሰኛል?» ሳይሆን «ኩባንያው ራሱ በእጁ ያለው ምንድን ነው? እስከ መቼ? ውሉ በምን ምክንያት ይቋረጣል?» ነው።

51 በመቶ የያዘ ሁሉን ያዝዛል ማለት ነው?

ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ እውነቱ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይለያል።

መጀመሪያ፣ 51 በመቶ የማይበቃበትን እንይ። ባለአክሲዮኖቹ እርስ በርስ በሚፈራረሙት ስምምነት ውስጥ ትልልቅ ጉዳዮች፣ ማለትም አዲስ ብድር፣ የዓመት በጀት፣ የዋና ሥራ አስፈጻሚ ሹመት፣ የንብረት ሽያጭ፣ ከባለአክሲዮን ጋር የሚደረግ ውል፣ የሁሉንም ትልልቅ ባለድርሻዎች ይሁንታ እንዲጠይቁ ይደረጋል። የናይጄሪያው ኤልኤንጂ (ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ) ኩባንያ ጥሩ ማሳያ ነው። የመንግሥቱ የነዳጅ ኩባንያ 49 በመቶ፣ ሼል 25.6፣ ቶታል ኢነርጂስ 15፣ ኤኒ 10.4 በመቶ ይዘዋል። ትልቁ ባለድርሻ መንግሥት ነው፤ ግን ግማሹን አያልፍም፤ ብቻውን ድምፅ ሰጥቶ የሚያሳልፈው ውሳኔ የለም።

ሁለተኛው ደግሞ በጣም ትንሽ ይዞ ማዘዝ ነው። የጣሊያኑን የጋዝ ቧንቧ ኩባንያ ስናምን ውሰዱ። ትልቁ ባለድርሻው ሲዲፒ ሬቲ የተባለ፣ የሌሎች ኩባንያዎችን ድርሻ የሚይዝ ኩባንያ ሲሆን 31 በመቶ ገደማ አለው። ሲዲፒ ሬቲን 59 በመቶ የያዘው ሲዲፒ የተባለው የጣሊያን የገንዘብ ተቋም ነው፤ 35 በመቶው የቻይናው ስቴት ግሪድ ነው። ሲዲፒን ደግሞ 83 በመቶ ገደማ የጣሊያን ገንዘብ ሚኒስቴር ይዞታል። ሦስቱን አባዙ፤ ከስናም ሀብት ለሚኒስቴሩ የሚደርሰው 15 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ድርሻ በብዙ ሺህ ባለሀብቶች እጅ ስለተበተነ ግን በየደረጃው አብላጫ የያዘው ወገን ድምፅ ከሁሉ ይጎላል። በአሜሪካም ለብዙ ዓመታት የቧንቧ ድርጅቶች በልዩ ሽርክና ይቋቋሙ ነበር፤ ጠቅላላ ሸሪክ የሚባለው ወገን 2 በመቶ ያህል ብቻ ይዞ ሥራውን ሁሉ ይመራል፤ ገንዘቡን ያወጡት ውሱን ሸሪኮች ቦርድ የመምረጥ መብት እንኳ አይኖራቸውም ነበር።

ድርሻ ስትገዙ የባለቤትነቱን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ሰው ወይም መንግሥት ድረስ በወረቀት ላይ ሣሉት። አንድ ቀለበት ላይ «አይታወቅም» ካላችሁ ግዢውን እዚያው አቁሙ።

የጎዴው የማዳበሪያ ፋብሪካ 60 ለ40 ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ፋብሪካው በናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕና የመንግሥት በሆነው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሽርክና የታቀደ ነው፤ 60 በመቶው የዳንጎቴ፣ 40 በመቶው የሆልዲንግሱ። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የታሰበው ምርት በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ሲሆን ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ መስኮች በቧንቧ ይመጣል።

ሌላው ወገን 60 በመቶ በያዘበት በየትኛውም ሽርክና 40 በመቶ የያዘው መደበኛ ድምፅ ላይ ይሸነፋል። ስለዚህ ጥንካሬው ያለው በመተዳደሪያ ደንቡና በባለአክሲዮኖች ስምምነት ውስጥ ነው። ስንት የቦርድ ወንበር አለው? ያለ እሱ ይሁንታ የማያልፈው ምንድን ነው? ፋይናንስ ኃላፊውን ማን ይሾማል? ትርፍ የሚከፈለው በቀመር ነው ወይስ በቦርዱ ፈቃድ? በተለይ ደግሞ ዋናው ባለድርሻ ዕቃ አቅራቢ፣ የግንባታ ተቋራጭ ወይም ምርቱን ገዢ ከሆነ ዋጋው በምን ይወሰናል? ትርፍ ከኩባንያው ወጥቶ ወደ አንዱ ባለድርሻ ኪስ የሚገባው በዚህ በር ነው፤ በዲቪደንድ፣ ማለትም ለባለድርሻዎች በሚከፋፈለው ትርፍ በኩል ቢሆን ሁሉም ያየው ነበር። ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ባለድርሻ ጠርጣራ ሊባል አይገባውም።

ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ አባል ነኝ። አክሲዮን ማኅበር ከዚያ በምን ይለያል?

በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ብዙ ሰሊጥ ያስረከበውም ትንሽ ያስረከበውም እኩል እጅ ያወጣል። በአክሲዮን ማኅበር ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ነው። የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ አስታውሱ፤ ከኩባንያው 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። አንድ ሰው ከ33 እስከ 3,333 አክሲዮን መግዛት ይችል ነበር። ጣሪያውን የገዛ ሰው 999,900 ብር ከፍሏል፤ ከአንድ ቢሊዮኑ አክሲዮን ውስጥ ያለው ግን ከአንድ በመቶ አንድ ሺህኛ ክፍል ያነሰ ነው፤ 0.00033 በመቶ። ትርፉ ይደርሰዋል፣ ውሳኔውን ግን ብቻውን አያናውጠውም። ድምፁ የሚሠራው ከሌሎች ጋር ሲደመር ነው።

ቦርዱ ምን ይሠራል? የጋዝ ኩባንያ ቦርድ ከሌላው ምን የተለየ ያደርገዋል?

በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1243፣ አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 3 ዳይሬክተሮች ያስፈልጉታል። የሚመርጣቸውም የሚሽራቸውም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ቦርዱ አቅጣጫ ያወጣል፣ ሥራ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል፣ ሒሳብ ለጉባኤ ያቀርባል። ይህ ለቢራም ለባንክም አንድ ነው።

የጋዝ ኩባንያ ቦርድ ግን ስለ ብር ብቻ ከጠየቀ ሥራውን አልሠራም። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2010 በካሊፎርኒያ ሳን ብሩኖ ከተማ የፒጂ ኤንድ ኢ ኩባንያ የጋዝ ቧንቧ ፈንድቶ 8 ሰው ሞተ። ቧንቧው በ1956 የተቀበረ ነው። የኩባንያው መዝገብ ቧንቧው ብየዳ የሌለው ነው ይላል፤ ሲቆፈር ግን ብየዳው ጉድለት ያለበት ሆኖ ተገኘ። መዝገቡ ስለተሳሳተ ያን የብየዳ ጉድለት የሚያገኝ ምርመራ አልተደረገም። ጋዙን ለመዝጋት 95 ደቂቃ ፈጀ፤ ከርቀት የሚዘጋ ቫልቭ አልነበረም። በ2015 ተቆጣጣሪው 1.6 ቢሊዮን ዶላር ቀጣ። ያ ገንዘብ ከባለአክሲዮኖች ኪስ ነው የወጣው።

ከዚህ የሚወጡት የቦርድ ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ከጠቅላላው ቧንቧ ስንት ኪሎ ሜትሩ ውስጡን እየተጓዘ ግድግዳውን በሚመረምር መሣሪያ ተፈትሿል? ከዝገት የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ መከላከያ መቼ ተለካ? ገብቶ ያልተሸጠና የት እንደደረሰ ያልታወቀ ጋዝ ስንት በመቶ ነው? አደጋ ቢደርስ ቫልቮቹ በስንት ደቂቃ ይዘጋሉ? የእያንዳንዱ ቧንቧ የግዢና የብየዳ ወረቀት የት ነው ያለው? ለዚህ የሚሆን፣ ቢያንስ አንድ የቧንቧ መሐንዲስ ያለበት የደህንነት ኮሚቴ ከኦዲት ኮሚቴው እኩል መቋቋም አለበት። የደህንነት ኃላፊውም ሪፖርቱን በሥራ አስፈጻሚው በኩል ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ለኮሚቴው ማቅረብ መቻል አለበት፤ የጥገና ወጪ የሚቀንሰው ሰውና የጥገናን ችግር የሚያሳውቀው ሰው አንድ ከሆነ ችግሩ ቦርድ ጋ አይደርስም።

ስለ ኤንሮን ይወራል። የጋዝ ኩባንያ አልነበረም እንዴ? እንዴት ወደቀ?

ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ሂውስተን ናቹራል ጋዝና ኢንተርኖርዝ የተባሉ ሁለት የቧንቧ ኩባንያዎች ተዋህደው ነው የተፈጠረው። ቧንቧዎቹ ጥሩ ገቢ ያስገቡ ነበር። የወደቀው በአስተዳደሩ ነው፤ ስለዚህ ይህ ታሪክ በጎንደር ለሚገኝ ትንሽ ባለአክሲዮንም ትምህርት ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 ቦርዱ የራሱን የሥነ ምግባር ደንብ ወደ ጎን አድርጎ የፋይናንስ ኃላፊው አንድሩ ፋስቶው ከኤንሮን ጋር የሚገበያይ የግል ሽርክና እንዲመራ ፈቀደለት። ሰውዬው በሁለቱም በኩል ተቀመጠ፤ ሻጭም ገዢም ሆነ። በእነዚያ ሽርክናዎች በኩል ዕዳና ኪሳራ ከኩባንያው ሒሳብ ላይ ይሰወር ነበር፤ እሱም ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘበት። ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን በ2000 ብቻ ከኤንሮን 52 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ፤ ከዚህ 25ቱ ለኦዲት፣ 27ቱ ለማማከርና ለሌላ ሥራ ነበር። ከሚመረምረው ደንበኛ በሌላ ሥራ የበለጠ የሚከፈለው ኦዲተር ደፍሮ «ይህ ልክ አይደለም» ለማለት ይቸገራል። በ2000 ክረምት 90 ዶላር የደረሰው አክሲዮን በኅዳር 2001 መጨረሻ ከአንድ ዶላር በታች ወረደ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። የጡረታ ቁጠባቸውን በዚያው አክሲዮን የያዙ ሠራተኞች ሥራቸውንም ቁጠባቸውንም በአንድ ጊዜ አጡ።

የጉባኤ ሰነድ ሲደርሳችሁ ሁለት ገጽ ፈልጉ። አንዱ ኩባንያው ከዳይሬክተሮቹ፣ ከሥራ ኃላፊዎቹና ከቤተሰቦቻቸው ድርጅቶች ጋር ያደረገው ግብይት የተዘረዘረበት ነው። ሌላው ለኦዲተሩ የተከፈለው፣ ለኦዲትና ለሌላ ሥራ ተለይቶ። ሁለቱ ከሌሉ በጉባኤው ላይ ጠይቁና ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አድርጉ።

«በምሥረታ ላይ ያለ የጋዝ አክሲዮን» እየተሸጠ ነው። ከመክፈሌ በፊት ምን ላጣራ?

ዘርዘር አድርገን የምንመልሰው ይህን ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የተጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ።

አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ስለራሱ ሁሉን የሚገልጽ ፕሮስፔክተስ አዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመ ነው። ሻጩ የሚያሳየው በራሪ ወረቀት ብቻ ከሆነ ሰነዱን ጠይቁ፤ ካመጣም ወደ ባለሥልጣኑ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ገንዘቡ መግባት ያለበት በምሥረታ ላይ ባለው ማኅበር ስም በባንክ ወደተከፈተ ዝግ ሒሳብ ነው። በአደራጅ፣ በሽያጭ ሠራተኛ ወይም በዘመድ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ወይም ወደ ግለሰብ ቴሌብር አንድ ብር አትላኩ። ሰውየው የሰፈር ልጅ ቢሆንም፣ የንስሐ አባት ያስተዋወቁት ቢሆንም።

የተፈረመ ካፒታልና የተከፈለ ካፒታል አታምታቱ። ሕጉ ሲመሠረት ከእያንዳንዱ አክሲዮን ዋጋ ቢያንስ ሩብ ያህሉ እንዲከፈል ይጠይቃል። አንድ አክሲዮን 1,000 ብር ሆኖ 10 ብትፈርሙ አሁን 2,500 ብር ከፍላችሁ 7,500 ብር ዕዳ ይዛችኋል ማለት ነው። የአገልግሎት ክፍያው ደግሞ 5 በመቶ ነው ቢሏችሁ፣ ከተፈረመው ሲሰላ 500 ብር፣ ከተከፈለው ሲሰላ 125 ብር ነው። ከየትኛው እንደሚታሰብና ምሥረታው ባይሳካ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። ብዙ ጊዜ የማይመለሰው ይህ ክፍያ ነው፤ አደራጆች ሳይቸኩሉ ለዓመታት «በምሥረታ ላይ» የሚቆዩትም በዚሁ ስለሚኖሩ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ፣ የጋዝ ኩባንያ ነኝ ካለ ጋዙን ከማን እንደሚያገኝ የሚያሳይ የተፈረመ ውል ያሳያችሁ። «በድርድር ላይ ነን» የሚል ደብዳቤ ውል አይደለም።

በእድራችን ወይም በእቁባችን ስም መግዛት እንችላለን?

እድሩ ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ካለው ይችላል። አክሲዮኑ በእድሩ ስም በባለአክሲዮኖች መዝገብ ይሰፍራል፤ ግዢውን የወሰነው የአባላት ቃለ ጉባኤ ማኅተም ተደርጎበት ይያያዛል። በሰብሳቢው ወይም በገንዘብ ያዡ ስም አታስመዝግቡ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ቢሞቱ አክሲዮኑ ወደ ወራሾቻቸው ይሄዳል፣ ቢከሰሱ ሊታገድ ይችላል፤ እድሩም የራሱን ገንዘብ ለማስመለስ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታል። እቁብ ብዙውን ጊዜ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው አባላቱ በየስማቸው ቢገዙ ይሻላል። አንድ አክሲዮን የብዙ ሰው የጋራ ከሆነ በኩባንያው ፊት አንድ ወኪል መሰየም ግድ ነው።

ጉባኤው አዲስ አበባ ነው። ከጎንደር እንዴት ልሳተፍ?

ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ለአንድ ቀን ስብሰባ መሄድ ከባድ ነው፤ አስተዳደሮችም ይህን ያውቃሉ። መደበኛው ጉባኤ የበጀት ዓመቱ በተዘጋ በአራት ወር ውስጥ መደረግ ስላለበት፣ ሒሳቡ ሰኔ 30 ለሚዘጋ ኩባንያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጥሪውን ጠብቁ። አጀንዳውና የኦዲት ሪፖርቱ ቀድሞ ይድረሳችሁ።

መሄድ ካልቻላችሁ ውክልና ስጡ፤ ግን ባዶ ቅጽ ላይ አትፈርሙ። የወኪሉ ስም ሳይሞላ የሚሰበሰብ ውክልና በመጨረሻ የሚከማቸው ነባሩን ቦርድ ለማስመረጥ በሚፈልገው ሰው እጅ ነው። በእያንዳንዱ አጀንዳ ደግፍ፣ ተቃወም ወይም ድምፅ አትስጥ ብላችሁ ጻፉበት። በጎንደር ያሉ ባለአክሲዮኖች ተሰባስበው ሂሳብ የሚያነብ አንድ ታማኝ ሰው ቢልኩ ወጪውም ይቀንሳል፣ ድምፁም ይከብዳል። ቅጹ ለኩባንያው መድረስ ያለበትን ቀንና የሰነድ ማረጋገጫ ማኅተም ይጠይቅ እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ፤ በዚህ ምክንያት ከአዳራሽ በር የሚመለስ ውክልና ብዙ ነው።

ትርፍ መቼ ይከፈላል?

በግንባታ ዓመታት ምንም የለም። ማምረት ሲጀመርም በቅድሚያ የሚከፈለው አበዳሪ ነው። የቧንቧና የማቀዝቀዣ ግንባታ አብዛኛው ወጪ በብድር ስለሚሸፈን፣ አበዳሪዎች ገቢው ዕዳውን በበቂ ልዩነት እስካልሸፈነ ድረስ ዲቪደንድ እንዳይከፈል በውል ያስራሉ። ከተጣራው ትርፍም ለሕጋዊ መጠባበቂያ ይቀነሳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ትርፍ አከፋፍላለሁ የሚል አዲስ የጋዝ መሠረተ ልማት ኩባንያ ካገኛችሁ፣ ከምን ገቢ እንደሚከፍል ጠይቁት፤ ከአዲስ ገዢዎች ገንዘብ ከሆነ ሽሹ።

ቧንቧውም ጋዙም የአንድ ኩባንያ ቢሆን ምን ችግር አለው?

ሌላ ጋዝ ያለው ነጋዴ በዚያ ቧንቧ መላክ ሲፈልግ «ሞልቷል» ይባላል፣ ወይም የማይቻል ዋጋ ይጠየቃል። ጎን ለጎን ሁለተኛ ቧንቧ መዘርጋት ደግሞ አያዋጣም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ የቧንቧ አስተዳዳሪውን ከጋዝ ሻጩ እንዲለይ ያስገደደው ለዚህ ነው።

ጋዙ ጎንደር መቼ ይደርሳል?

ወደ ጎንደር የሚመጣ የጋዝ ቧንቧ የለም። የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታሰበ ነው። ይህ ወደ ጋዝነት ሲመለስ 66 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ከካሉብ እስከ ጎንደር በአየር መስመር እንኳ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ሊመጣ የሚችለው ቅዝቃዜውን ጠብቆ በሚያጓጉዝ ልዩ ታንከር ነው። መቀበያ ታንክ፣ መልሶ ወደ ጋዝ የሚቀይር ጣቢያና ብዙ የሚወስድ ደንበኛ፣ ለምሳሌ ፋብሪካ፣ በቅድሚያ ይጠይቃል። «የጎንደር ጋዝ» ብሎ አክሲዮን የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ የእነዚህን የሦስቱን ቦታ፣ ዋጋና ባለቤት ይንገራችሁ።